«አቤት» የሚለው ሸክላ

አንድ ዘፈን የያዙ ሁለት ሸክላዎች አንድ ናቸው ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ቁጭ ብዬ አስረዳዋለሁ፤ ካልገባው ግን ብዙም አልታገሥም። ነገሌ ውስጥ በዚህ ነገር ያልተነታረክሁት ሰው ጥቂት ነው። «ዘፋኙ ያው፣ ዘፈኑ ያው፣ ምን ትነዘንዢናለሽ?» ይሉኛል። ያው አይደለም። ሸክላው ታትሞ ተሸጦ ሲያልቅ ነጋዴው ደግሞ ያሳትመዋል። ያን ጊዜ የመሃሉ ወረቀት ቀለም ሊለወጥ ይችላል፣ ውፍረቱም ሊለወጥ ይችላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሳይነግራችሁ ዘፈኑ ራሱ ይለወጣል። በሌላ ቀን የተቀዳውን በዚያው ስም፣ በዚያው ቁጥር ይሸጡላችኋል። ጎረቤቶቼ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ ይተርቱብኛል። ይተርቱ። እኔ የምፈልገው የአባቴን ድምፅ ነበር።

አባቴ ነገሌ ጦር ሰፈር በሙዚቃ ክፍሉ ውስጥ ከበሮ መቺ ነበር። ወደ ቦረና ከመመደቡ በፊት፣ ገና ጢም ሳያበቅል፣ አዲስ አበባ ሳለ አንድ ዘፋኝ ሸክላ ሲያስቀዳ ከበሮውን የመታው እሱ ነው። በሸክላው ጀርባ ያለው ዘፈን መሃሉ ላይ ሲደርስ መሣሪያው ሁሉ ዝም ይልና ዘፋኙ የአባቴን ስም ይጠራል። አባቴ «አቤት!» ይላል፤ ከዚያ ከበሮው ይገባል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከአባቴ አንደበት በዚህ ዓለም ላይ ተቀድቶ የቀረ ነገር ቢኖር ይህች አንዲት ቃል ነበረች።

እሑድ ከምሳ በኋላ ማጫወቻውን መስኮቱ ሥር ያደርግና ያንን ሸክላ ያስቀምጣል። እናቴ የመኮንኖቹን ልብስ ትተኩሳለች። ዘፋኙ ስሙን ሊጠራ ሲል አባቴ ወንበሩ ላይ ቀና ይልና ልክ ከሸክላው እኩል እሱም «አቤት» ይላል። እኛ እንስቃለን። እናቴ ደግሞ ካውያዋን ሳታቆም፣ አንዱም አልተቻለኝ፣ ጭራሽ ሁለት ሆነህ መጣህብኝ ትለው ነበር። እኔ ያን ጊዜ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው።

በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ጦር ሰፈሩ በጥቂት ቀናት ባዶ ሆነ። አባቴም ወደ ሞያሌ ከሚሸሹት ጋር ተነሣ። ድንበሩን ተሻግሬ ቆይቼ ነገሩ ሲበርድ እመለሳለሁ ነበር ያለው። እኔን ግንባሬን ሳመኝ፣ ለእናቴ ደግሞ ሸክላዎቹን ፀሐይ እንዳያገኛቸው ብሏት ወጣ። ሰው እንዲህ ላለ ነገር ነው የመጨረሻ ቃሉን የሚያወጣው። እሱ ከሄደ በኋላ የወታደር ፎቶ የተገኘበት ቤት ይበረበራል የሚል ወሬ መጣና እናቴ የደንብ ልብሱንም ፎቶግራፎቹንም ከጓሮ አቃጠለቻቸው። ወሬው እውነት ይሁን ውሸት ዛሬም አላውቅም። የአባቴ ፊት በቤታችን ውስጥ የቀረው በእኛ ጭንቅላት ብቻ ነው።

ከዚያ የሰፈሩን ቤት ልቀቁ ተባልን። ዕቃችንን አንድ የጭነት መኪና ላይ ጫንን፣ ሹፌሩ ግን ናፍጣ ፍለጋ ሄዶ ቀኑን ሙሉ ቀረ። የነገሌ ፀሐይ እንኳን ለሸክላ ለሰውም አይራራም። ማታ ሣጥኑን ስንከፍት አብዛኞቹ ደህና ነበሩ፤ ከላይ የነበረው ያ ሸክላ ግን ጠርዙ ተነሥቶ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል። እናቴ አልደነገጠችም። የጦር ሰፈር ሴቶች የጎበጠ ሸክላ ማቅናት ያውቁበታል፤ በሁለት ጨርቅ መሃል ያደርጉትና ከሰሉ ሊከስም የደረሰ ካውያ ቀስ አድርገው ያሳርፉበታል፣ ከዚያ ድንጋይ ይጭኑበታል። እናቴ ደግሞ በካውያ የማይቃና ነገር አለ ብላ አታምንም ነበር። ያን ቀን ግን ከሰሉ እስኪከስም አልታገሠችም። አራገበችና እንደ ኮሎኔል ሱሪ ተኮሰችው።

ቀናላት፣ እንደ ጠረጴዛ ቀና። መርፌውን ስናሳርፍበት ግን ዶሮ ደረቅ ቅጠል ስትጭር የሚሰማ ድምፅ ብቻ ወጣ። መስመሩ ቀልጦ ጠፍቷል። ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው ነገር ነው። እናቴ ሸክላውን አንሥታ አገላበጠችው፣ መልሳ አስቀመጠችው፣ ደግሞ ሞከረችው። «በገዛ እጄ» ነበር ያለችው።

በሚቀጥለው ዓመት አብሮት የሸሸ አንድ የአሥር አለቃ ተመልሶ መጣ። ሽማግሌዎች አስከትሎ በማለዳ በራችንን ሲያንኳኳ የመጣበትን ነገር ሁላችንም አውቀናል። አባቴ ከዱብሉቅ አለፍ ብሎ ትኩሳት ያዘው፤ መራመድ ሲያቅተው የአሥር አለቃው ግራር ሥር አስቀምጦት፣ ውሃ ትቶለት፣ መኪና ፍለጋ ሄደ። ሲመለስ ዛፉንም ሰውየውንም አጣቸው። ይህን እያለቀሰ ተናገረ። እናቴ አላለቀሰችም።

«ቀብረኸዋል?» አለችው።

አልቀበርኩትም አላት።

«እንግዲያው ያልቀበርከውን ሰው አታርዳኝ» አለችና ተነሥታ ቁርስ አቀረበችላቸው።

ለቅሶ አልተቀመጠችም። እድሩ ድንኳን እንትከል ቢላት እምቢ አለች። ጥቁር አልለበሰችም፣ ጸጉሯን አልተቆረጠችም፣ ሬዲዮኗን አልዘጋችም። የሰው አፍ ምን ያርፋል፤ ባሏን ሳታለቅስ ዘፈን የምታዳምጥ ሴት ተባለች። እኔ በዚያ ሰበብ ከስንቱ ልጅ ጋር ተደባድቤአለሁ። እሷ ግን ዝም ብላ ትጠብቅ ነበር። ሲመሽ በሩን የምትዘጋው ከሁሉ ኋላ ነው።

አድጌ ነገሌ ገበያ አጠገብ ካሴት ቤት ከፈትኩ። ሥራው ከአሮጌ ሙዚቃ ጋር ያገናኛልና አንድ ቀን አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ከጎንደር መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ የሸክላ ሣጥናቸውን ይዘውልኝ መጡ። ሳገላብጥ ያው ሸክላ! ያው ሰማያዊ ወረቀት፣ ያው የዘፋኙ ስም። ሱቁን ሳልዘጋ ነው ወደ ቤት የሮጥኩት። የአባቴን ማጫወቻ አቧራውን ጠርገን እናቴን አጠገቡ አስቀመጥኳት። ዘፈኑ ጀመረ፣ መሃሉ ደረሰ። መሣሪያው ዝም አላለም። ዘፋኙም ማንንም አልጠራም። ከበሮው እንዲሁ እየተመታ ቀጠለና ዘፈኑ አለቀ።

እናቴ «የታለ?» አለችኝ። መርፌውን መለስኩት። የለም። እንደገና መለስኩት። የለም። ከአባቴ ዘመን ጀምሮ አብራን የምትኖረው አክስቴ ከጓዳ ወጥታ እያዘነች ተናገረች፤ ድሮም እኮ «አቤት» የሚለው እሱ ራሱ ነበር፣ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፤ እናንተ ናችሁ ከሸክላው የወጣ የመሰላችሁ አለች።

እውነቷን ይሆን? እኔ ልጅ ነበርኩ። ሁለት ድምፅ መስማቴን አስታውሳለሁ፣ ግን ልጅ ምን አያስታውስም? እናቴም ቀስ በቀስ መጠራጠር ጀመረች፤ ከሁሉ የከፋው ይህ ነበር። ባሏን ሞተ ሲሏት ያላመነች ሴት በራሷ ጆሮ ላይ እምነት አጣች። ልብስ እያጠፈች ድንገት ቆም ትልና፣ አብጄ ይሆን እንዴ ትለኛለች። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ቃል ሳላሰማት እንዳልሞት ብዬ ማልኩ። እኔ ቁጡ ነኝ፣ ከማልኩ ደግሞ መመለስ አላውቅም።

ሸክላ የሚሰበስቡ አንድ ሽማግሌ ያቤሎ አሉ ብለው ነገሩኝና ሄድኩ። አውራ ጎዳናው ዳር ቡና ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው፤ ቢራው ቀርቶ ሸክላው ቀርቷቸዋል። «አካም? ናጋ?» ብለው ተቀበሉኝ፣ ከዚያ እጅሽን ታጠቢ አሉኝ። ከሰላምታው ይልቅ ልባቸው እጄ ላይ ነበር። ሸክላዎቻቸውን ከማንም ልጅ አብልጠው የሚወዱ፣ ጉረኛ፣ ነጭናጫ ሽማግሌ ነበሩ። ወዲያው ተግባባን። የመምህሩን ሸክላ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸውና የዚህን ዘፈን ሌላ እትም ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ለምን እንደምፈልገው ገና ምንም አልተናገርኩም።

መነጽራቸውን አድርገው አዩትና፣ «አይ፣ ይሄ ሁለተኛው ነው። አንቺ የምትፈልጊው ‹አቤት› የሚለውን ነው?» አሉኝ።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው ደንግጠው ውሃ አመጡልኝ። ሳለቅስ ሸክላዎቹን ከአጠገቤ ገለል ማድረጋቸውን ግን አልረሱም።

ነገሩን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ሸክላው መጀመሪያ በጥቂቱ ታትሞ ነበር። ያሳተመው ነጋዴ ሲሰማው፣ በፍቅር ዘፈን መሃል የከበሮ መቺ ስም ምን ሊሠራ ገባ ብሎ ተቆጣና ከዚያ ወዲህ ያሳተመው ያለ ጥሪው የተቀዳውን ነው። ወረቀቱንና ቁጥሩን ግን አልለወጠም። መለያው ሌላ ቦታ ነው። ቀለም አትመኚ አሉኝ፤ የቆላ ፀሐይ ሰማያዊውን ሁሉ ግራጫ ያደርገዋል። በመጀመሪያው ላይ ቀዳዳውን ዙሪያውን የከበበ ስርጉድ ያለ ቀለበት አለ፤ ዓይን ላያየው ይችላል፣ አውራ ጣት ግን ያገኘዋል። የሁለተኛው ወረቀት ልሙጥ ነው። ደግሞ ዘፈኑ የሚያልቅበትና ወረቀቱ የሚጀምርበት መሃል ላይ ያለውን አንጸባራቂ ቦታ ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርገሽ እዪው አሉኝ። በመርፌ የተጫረ ቁጥር አለ። ሁለተኛው ላይ የድሮው ቁጥር ተሰርዞ አጠገቡ ሌላ ተጭሯል፣ መጀመሪያው ላይ ስርዝ የለም። የመጀመሪያው እሳቸው ጋ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ እጃቸው ገብቶ ለሰው ሰጥተውት ሲቆጩ ኖረዋል።

ለእናቴ ነገርኳት። «አላበድኩማ» አለች። ከዚያ ደግሞ ሸክላውን ፈልጊልኝ አለችኝ፤ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ፈልጊ ብላኝ አታውቅም።

ፍለጋው ከወጣትነቴ እስከ ሽበቴ ወሰደኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ሞያሌ፣ ሜጋ፣ ያቤሎ፣ የሊበን ገጠር ሳይቀር ዞርኩ፤ ያየኝ ሹፌር ሁሉ ሸክላዋ መጣች ይላል። ያን የዱብሉቅ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር በመስኮት ግራሮቹን አያለሁ። የትኛው ይሆን እላለሁ። ግራር ደግሞ ሁሉም ይመሳሰላል፤ ልቤ እያረረ አልፋለሁ። ካሴት ሞቶ ሱቄን የስልክ መለዋወጫ መሸጫ ካደረግኩት በኋላ በስልክ ፎቶ መቀባበል መጣ። ሻጮች የወረቀቱን ፎቶ ይልኩልኛል፣ እኔ ደግሞ ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርገህ አንሣው፣ አውራ ጣትህን ቀዳዳው ዙሪያ አዙርበት እላለሁ። አንዱ ተማርሮ፣ እህቴ ባል ብትፈልጊ ይሻልሽ ነበር አለኝ። ባልማ ሞልቷል አልኩት። የደረሱኝ ሁሉ ልሙጥ ነበሩ፣ ሁሉም ስርዝ ነበረባቸው። የውጭ አገር ሰዎችም አሮጌ ሸክላ መሰብሰብ ጀምረው ነበርና የመጀመሪያው እትም ከአገር ወጥቶ አልቆ ይሆናል ብዬ ተስፋ የቆረጥኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

እናቴ በዚህ መሃል አረጀች። ጉልበቷ ከዳት፣ ቀጥሎም ጆሮዋ መድከም ጀመረ። ከአጠገቧ ጮክ ብዬ ካልተናገርኩ አትሰማኝም። ያን ጊዜ ነው ፍርሃት የያዘኝ። ቃሉን ባገኘው እንኳ የሚሰማው ጆሮ ላይኖር ነው።

አንድ በጋ ሸክላ የነበረው ባል የሞተባቸው አንዲት ሴትዮ ዱብሉቅ እንዳሉ ሰማሁና ሄድኩ። ባልየው የውሃ ቦቴ ሹፌር ነበር። ሴትዮዋ ቦረና ናቸው፣ አማርኛቸው ከእኔ ኦሮምኛ ትንሽ ይሻላል፤ በሁለቱም እየተደናበርን ተጨዋወትን። ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡልኝ። የባላቸው ካፖርት ተደርቦበት ስለኖረ ፀሐይ አላገኘውም። ከመሃል አንዱን ሳነሣ ወረቀቱን ከማየቴ በፊት አውራ ጣቴ ቀለበቱን አገኘው። ወደ በሩ ወጥቼ ወደ ፀሐይ ዘንበል አደረግሁት። ስርዝ የለም። ለማን ነው ብለው ጠየቁኝ። ለእናቴ ነው፣ አባቴ እዚህ ውስጥ አለ አልኳቸው፤ ከዚህ የተሻለ ኦሮምኛ አልመጣልኝም። ሴትዮዋ ትንሽ አሰቡና፣ እኔ ዘፈኑን አልፎ አልፎ እሰማዋለሁ፣ ሌላ ካለሽ ለውጪኝና ውሰጂው አሉ። የመምህሩን ሸክላ ለማመሳከሪያ ይዤው ነበርና ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት፤ ለእሳቸው ልዩነት የለውም። ደግመው ደግመው መረቁኝ፤ እኔ ደግሞ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ሸክላውን እስከ ነገሌ ድረስ በነጠላዬ ጠቅልዬ ከደረቴ አላወረድኩትም። ቤት ስደርስ ማጫወቻውን እናቴ አልጋ ላይ፣ ጆሮዋ አጠገብ አደረግሁትና ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈትኩት። ዘፈኑ ጀመረ። መሃሉ ሲደርስ መሣሪያው ሁሉ ዝም አለ። ዘፋኙ ስሙን ጠራ።

«አቤት!»

ከበሮው ገባ። እኔ አፌን በእጄ ይዤ አለቅሳለሁ። እናቴ ፊቷ አልተለወጠም፤ አልሰማችም ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ድገሚልኝ አለች፣ ደገምኩላት። እንደገና አለች። ዓይኗን ጨፍና ሰማችው።

«ልጅ ነው እኮ» አለች።

ማን አልኳት።

«አባትሽ። ድምፁ ገና ልጅ ነው። ድሮ ስሰማው እሱ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ልብ አላልኩትም።» ዓይኗን ገለጠች። «እኔ እኮ ሽማግሌ ነበር የምጠብቀው። ከእኔ ጋር ሳስረጀው ኖሬ፣ ሽበት አብቅሎ፣ ከዘራ ይዞ በዚህ በር ይገባል ብዬ። እሱ ግን አላረጀም። እዚያው ነው የቀረው።»

መርፌውን አነሣሁ። ይህንን ሁሉ ዘመን የለፋሁት ደስ እንዲላት ነበር። እጄን ያዘችኝና፣ «ነጠላዬን ጥቁር አስነክሪልኝ፣ ለቅሶዬን ልቀመጥ» አለችኝ።

እድሩ ድንኳኑን ተከለ። ከሰላሳ ዓመት በላይ ለዘገየ ለቅሶ ማን ይመጣል ብዬ ነበር፤ ድንኳኑ ጠበበ። ከጦር ሰፈሩ የቀሩ አሮጊቶች መጡ፣ ካህናቱ መጡ፣ የገበያ ደንበኞቼ መጡ። በለቅሶ ቤት የሟች ፎቶ ይቀመጣል፤ እኛ ፎቶ የለንም። እናቴ በፎቶው ቦታ በርጩማ ላይ ሸክላውን አስቀመጠችው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በለቅሶ ቤት ዘፈን ምን ይሠራል ብሎ አጉረመረመ። አይዘፍንም፣ ማጫወቻው ተቆልፎበታል፣ አርፈው ይቀመጡ አልኩት። ለቅሶ ላይ እንኳ አፌ አያርፍም።

ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ የሚያለቅሱበት ሰዓት ሲደርስ እናቴን ደግፌ አስነሣኋት። ሁሉም ሙሾዋን ይጠብቃል። እሷ ግን ሙሾ አላወረደችም። ወደ በርጩማው ጎንበስ ብላ ስሙን ጠራችው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልክ ሰው ከጓሮ እንደሚጠራ። ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀች። እኔ ከበሮው የሚገባበት ቦታ እስኪያልፍ ክንዷን ይዤ ቆሜአለሁ። የመለሰላት የለም። እናቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።